የማይደፈረው ስፍራ እንዴት ተደፈረ?

ስለ አንጎል የኋለኛ ደም ቅዳ እብጠትና ስለ ሕክምናው

የሰው ልጅ ባሕሩን በመርከብ፥ ሰማዩን በአውሮፕላን ከተሻገረ በኋላ እንኳ፥ በገዛ ራስ ቅሉ ውስጥ እጁን ሊሰድበት ያልደፈረው አንድ ጠባብ ስፍራ ቀርቶ ነበር። ይህ ስፍራ ከጆሮ ግንዱ ጥቂት ሣንቲሜትር ገባ ብሎ፥ ከራስ ቅሉ መካከል፥ የአንጎል ግንድ ከሚባለው ክፍል ፊት ለፊት ይገኛል። በዚያ የሚያልፈው የደም ሥር አብጦ ሲፈነዳ የሚመጣውን አደጋ ለመከላከል፥ እስከ 20ኛው መቶ ዓመት እኩሌታ ድረስ፥ ሐኪሞች በሽተኛውን በጸጥታ አስተኝተው ከመጠበቅ በቀር የነበራቸው መሣሪያ እጅግ ጥቂት ነበር።

ዛሬ ያ ስፍራ ተደፍሯል። በዓለም ላይ ባሉት ታላላቅ ሆስፒታሎች ሐኪሞች ወደዚያ ይደርሳሉ፤ ብዙውን ጊዜም ራስ ቅሉን ሳይከፍቱ፥ በጭን ወይም በእጅ አንጓ ደም ቅዳ በኩል ቀጭን ቱቦ አሳልፈው ይደርሳሉ። ይህን ታሪክ ለአንባቢዎቻችን ልናቀርብ የወደድነው ግን የሰውን ብልኀት ለማድነቅ ብቻ አይደለም። ስፍራው የተደፈረው በጀግንነት ብዛት ሳይሆን፥ የከሸፈውንና የተሳካውን እኩል እየጻፉ በመቁጠር መሆኑን ስላየን ነው። ይህም ለተማሪና በመሥሪያ ቤት ሥራ ለጀመረ ወጣት የሚጠቅም ትምህርት ያለበት መስሎናል። ከዚህ በታች የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

አራቱ የደም መንገዶች

የአንድ ጎልማሳ ሰው አንጎል 1 ኪሎ ከ400 ግራም ያህል ይመዝናል። ይህም ከመላው ሰውነት ክብደት ከመቶ 2 እጅ ያህል ብቻ ነው። ነገር ግን ልብ ከምትረጨው ደም ከመቶ 15 እጅ ያህሉን፥ ሰውነት ከሚፈጀው ኦክሲጅን ደግሞ ከመቶ 20 እጅ ያህሉን ብቻውን ይወስዳል። ሌላው የሰውነታችን ክፍል ስንቁ ሲቋረጥበት ለጥቂት ጊዜ ይታገሣል፤ ክንዳችን በገመድ ቢታሰር ደንዝዞ ይቆይና ሲፈታ ይመለሳል። አንጎል ግን እንዲህ ያለ ትዕግሥት የለውም። ደሙ ፈጽሞ ሲቋረጥበት ሰውየው በሰከንዶች ውስጥ ራሱን ይስታል፤ ጥቂት ደቂቃዎች ካለፉም የተጎዳው ክፍል ተመልሶ አይድንም።

ይህን ስንቅ የሚያደርሱት አራት ደም ቅዳዎች ናቸው። ሁለቱ በአንገት ፊት በግራና በቀኝ ይወጣሉ፤ ጣታችንን ከመንጋጋችን በታች ብናሳርፍ ሲመቱ ይሰሙናል። ሁለቱ ግን ተሸሽገው የሚሄዱ ናቸው። በአንገት አከርካሪ አጥንቶች ጎን ባሉት ቀዳዳዎች ውስጥ ከአንዱ አጥንት ወደ ሌላው እየተሻገሩ ይወጡና፥ በራስ ቅል ሥር ባለው ትልቅ ቀዳዳ ይገባሉ። ከዚያም ሁለቱ ተገናኝተው አንድ ይሆናሉ። ይህ ከሁለቱ የተሠራው ደም ቅዳ ባዚላር ይባላል። ርዝመቱ 3 ሣንቲሜትር ያህል ነው፤ በአንጎል ግንድ ፊት ተለጥፎ ወደ ላይ ይወጣና ጫፉ ላይ እንደ ባላ እንጨት ለሁለት ይከፈላል።

ከእነዚህ ከኋለኞቹ ደም ቅዳዎች ስንቃቸውን የሚቀበሉት የአንጎል ክፍሎች ምን ምን እንደ ሆኑ ብናይ የነገሩን ክብደት እንረዳለን። የሰውነትን ሚዛን የሚጠብቀው ትንሹ አንጎል፥ ዓይን ያየውን የሚተረጕመው የኋለኛው የአንጎል ክፍል፥ ከሁሉም በላይ ደግሞ የአንጎል ግንድ ከእነርሱ ይጠጣሉ። የአንጎል ግንድ ውፍረቱ ከአውራ ጣት ብዙ አይበልጥም። ነገር ግን መተንፈስ፥ የልብ ምት፥ መዋጥ፥ የዓይን መንቀሳቀስ፥ ነቅቶ መኖር ራሱም ቢሆን በእርሱ የሚተዳደር ነው። ከአንጎል ወደ እጅና ወደ እግር የሚወርደው ትእዛዝ ሁሉም በእርሱ በኩል ያልፋል። በሌላው የአንጎል ክፍል ጥቂት ቢጎዳ ሰው አንዳንድ ጊዜ ሳይታወቅበት ሊኖር ይችላል፤ በአንጎል ግንድ ላይ ግን የምስር ፍሬ የምታህል ጉዳት ሰውን ለዘለዓለም ከአልጋ ልታውለው ትችላለች።

የፊተኞቹና የኋለኞቹ ደም ቅዳዎች በአንጎል ሥር በቀጫጭን መገናኛዎች ተያይዘው ክብ ይሠራሉ። ይህን ክብ አሟልተው የገለጹት እንግሊዛዊው ሐኪም ቶማስ ዊሊስ ሲሆኑ፥ በ1664 ባሳተሙት መጽሐፍ ውስጥ ካሉት ሥዕሎች ብዙዎቹን የሣሉላቸው ኋላ የለንደንን የቅዱስ ጳውሎስ ካቴድራል የሠሩት ክሪስቶፈር ሬን ናቸው። ክቡ በከተማ አደባባይ ሊመሰል ይችላል። በአንዱ በኩል ያለው መንገድ ቢዘጋ መኪናው ዞሮ በሌላው በኩል እንደሚደርስ፥ ደሙም እንዲሁ ሊዞር ይችላል። ነገር ግን መገናኛዎቹ በሰው ሁሉ እኩል አይደሉም፤ በአንዱ ሰው ሰፊ ጎዳና፥ በሌላው የእግር መንገድ ብቻ ናቸው። ይህን ልዩነት አንባቢያችን ልብ ይበልልን፤ ኋላ የሰው ሕይወት የሚንጠለጠልበት ነገር ሆኖ እናገኘዋለንና።

እብጠቱ ምንድር ነው?

ደም ቅዳ ለሁለት በሚከፈልበት ስፍራ የደሙ ግፊት ግድግዳውን ዘወትር ይመታዋል። ግድግዳው የደከመ እንደ ሆነ፥ ተበልቶ ባለቀ የብስክሌት ጎማ በኩል የውስጡ ላስቲክ አብጦ እንደሚወጣ፥ ከረጢት የመሰለ እብጠት ይወጣል። ይህን ሐኪሞች አኒውሪዝም ይሉታል። አብዛኛውን ጊዜ ክብ ሆድና ጠባብ አንገት አለው፤ በአንገቱም ከደም ቅዳው ጋር ተያይዟል። ከጎልማሶች መካከል ከመቶ 3 ያህሉ ይህን እብጠት ተሸክመው እንደሚኖሩ ጥናቶች ያመለክታሉ። ከእነዚህም ብዙዎቹ ሳያውቁት ኖረው በሌላ ምክንያት ይሞታሉ። ከእብጠቶቹ ሁሉ ከመቶ 10 እስከ 15 የሚሆኑት በኋለኞቹ ደም ቅዳዎች ላይ የሚወጡ ሲሆኑ፥ ከእነዚህም በብዛት የሚታየው በባዚላር ባላ ላይ የሚወጣው ነው። ቁጥራቸው ያነሰ ቢሆንም፥ የኋለኞቹ ከብዙዎቹ የፊተኞች ይልቅ ለመፈንዳት የቀረቡ መሆናቸው ታውቋል።

እብጠቱ በፈነዳ ጊዜ ሰውየው እየሠራ ወይም እያወራ ሳለ፥ በዕድሜው አይቶት የማያውቅ ብርቱ ራስ ምታት በድንገት እንደ መብረቅ ይመታዋል። ያስታውከዋል፤ አንገቱ ይደርቃል፤ ብርሃን ያስጠላዋል፤ አንዳንድ ጊዜም ወዲያው ራሱን ይስታል። ከሚፈነዳባቸው ሰዎች ሲሶ የሚሆኑት ይሞታሉ፤ ከሚተርፉትም ብዙዎቹ ከጉዳት ጋር ይኖራሉ። ከመጀመሪያው ፍንዳታ የተረፈውንም ሌላ አደጋ ይጠብቀዋል። ቀዳዳውን ደፍኖ የያዘው የረጋ ደም ብቻ ስለ ሆነ፥ ያ የለቀቀ እንደ ሆነ ዳግመኛ ይፈነዳል። ይህም በተለይ በመጀመሪያዎቹ 24 ሰዓቶች ውስጥ ያሠጋል፤ ሁለተኛውም ፍንዳታ ከመጀመሪያው ይልቅ ገዳይ ነው። ስለዚህ የሐኪሙ ሐሳብ ሁሉ ወደ አንድ ነገር ያዘነብላል፤ እርሱም እብጠቱን ዳግመኛ ከመፈንዳቱ በፊት ከደሙ መንገድ መለየት ነው።

አንገቱን መቆንጠጥ

ይህን ለማድረግ አስቀድሞ እብጠቱ የት እንዳለ ማየት ያስፈልጋል። ተራ ራጅ ግን አጥንትን እንጂ የደም ሥርን ለይቶ አያሳይም። በ1927 በሊዝበን ከተማ ፖርቱጋላዊው ሐኪም ኤጋስ ሞኒዝ ራጅ የማያሳልፍ ፈሳሽ መድኃኒት በአንገት ደም ቅዳ ውስጥ ወግተው፥ ወዲያው ፎቶግራፍ በማንሣት፥ የሕያው ሰው የአንጎል ደም ሥሮች እንደ ዛፍ ቅርንጫፍ ሆነው እንዲታዩ አደረጉ። ከዚያ ጊዜ ጀምሮ ሐኪሙ በጭፍን መገመቱን ትቶ በካርታ መሄድ ጀመረ ለማለት ይቻላል።

ከዚያ በኋላ 10 ዓመት ቆይቶ፥ ማርች 23 ቀን 1937፥ በአሜሪካ አገር በባልቲሞር ከተማ፥ በጆንስ ሆፕኪንስ ሆስፒታል ዶክተር ዋልተር ዳንዲ አንድ የ43 ዓመት ሰው ራስ ቅል ከፍተው፥ በፊተኛው ደም ቅዳ ላይ የወጣውን እብጠት አንገቱን በትንሽ የብር መቆንጠጫ ቆነጠጡት። ደሙ በደም ቅዳው ውስጥ መንገዱን ቀጠለ፤ ወደ እብጠቱ መግባቱ ግን ቀረ። ሰውየውም ዳነ። እብጠትን በአንገቱ ቆንጥጦ ደም ቅዳውን ክፍት መተው የሚባለው ዘዴ መነሻው ይህ ነው። ከዚህም በኋላ በፊተኞቹ ደም ቅዳዎች ላይ የሚደረገው ኦፕራሲዮን ቀስ በቀስ እየተስፋፋ ሄደ።

የኋለኛው ለምን ከበደ?

ለፊተኛው የተሳካው ዘዴ ለኋለኛው አልሆነም። ምክንያቱን ለመረዳት ስፍራውን በሐሳባችን እንመልከት። የባዚላር ባላ ያለው በጠባብና ጥልቅ ጉድጓድ መጨረሻ ላይ ነው። በፊቱ የራስ ቅል ሥር አጥንት ቆሟል፤ በኋላው የአንጎል ግንድ አለ፤ በጎንና በጎኑ ዓይንን የሚያንቀሳቅሰው ነርቭ ያልፋል። ሐኪሙ ወደዚያ ለመድረስ በጆሮ በላይ ያለውን አጥንት ከፍቶ፥ የአንጎሉን ጎን በጥንቃቄ አንሥቶ፥ ከሥሩ ባለው ክፍተት መግባት አለበት። በዚህ ጊዜ እብጠቱ የፈነዳበት እንደ ሆነ ጉድጓዱ በአንድ አፍታ በደም ይሞላል፤ የሚታየው ነገር ሁሉ ይጠፋል። ደሙን ለማቆም በችኮላ የተሰነዘረ መቆንጠጫ ደግሞ ሊያድኑት የመጡትን ሰው ሊገድለው ይችላል።

በ1964 በአውስትራሊያ የብሪዝቤን ሐኪም ኬኔት ጀሚሰን በኋለኞቹ ደም ቅዳዎች እብጠት ምክንያት ኦፕራሲዮን ያደረጉላቸውን የ19 በሽተኞች ታሪክ አሳተሙ። ከ19ኙ 10ሩ ሞተዋል። እንግዲህ ይህን የመሰለ ቁጥር በዓይኑ ያየ ሐኪም ሁለት መንገድ ብቻ ይታየዋል። አንደኛው «ይህ ስፍራ ለሰው እጅ አልተፈቀደም» ብሎ መተው ነው። ሁለተኛው ግን ከ10ሩ እያንዳንዱ በምን ምክንያት እንደ ሞተ መጠየቅ ነው።

የካናዳው ለንደን ሐኪም

ሁለተኛውን መንገድ እስከ መጨረሻው የሄዱበት ካናዳዊው ዶክተር ቻርልስ ድሬክ ናቸው። ዶክተር ድሬክ በ1920 በኦንታሪዮ ጠቅላይ ግዛት በዊንድዘር ከተማ ተወለዱ። የሠሩትም በዚያው ጠቅላይ ግዛት፥ ከእንግሊዙ ዋና ከተማ ስሟን በወረሰችው በትንሿ ለንደን ነው። በ1961 በባዚላር ላይ ስለ ፈነዳ እብጠት የአራት በሽተኞችን ኦፕራሲዮን ታሪክ ጻፉ። በ1965 ደግሞ ቁጥሩ 14 ደርሶ ሁለተኛ ጽሑፍ አወጡ።

አንባቢያችን የዚህን ሐኪም ጭንቀት እንዲያስብልን እንለምናለን። እብጠቱ ፈንድቶበት የተረፈው በሽተኛ ብዙ ጊዜ ራስ ምታቱ በርዶለት፥ ከአልጋው ቀና ብሎ ከቤተ ሰቡ ጋር የሚነጋገር ሰው ነው። እንደ ቆመ ቢተዉት በሚመጡት ቀናት ወይም ሳምንቶች እብጠቱ ዳግመኛ ፈንድቶ ሊገድለው ይችላል። ቢነኩት ደግሞ ትናንት ሲናገር የነበረው ሰው ዛሬ ላይነቃ ይችላል፤ ያን ጊዜ ያደረሰው ጉዳት የበሽታው ሳይሆን የሐኪሙ እጅ ሥራ ሆኖ ይታያል። ሳይነካ የቀረው ሐኪም ማንም አይወቅሰውም፤ ነክቶ ያልሆነለት ግን የሚወቅሰው ብዙ ነው። ዶክተር ድሬክ ከተወቃሹ ወገን መሆንን መረጡ።

መርጠውም ወቀሳውን አልሸሹትም። በኦፕራሲዮናቸው መጨረሻ እብጠቱ በሚገባ ተቆንጥጦ፥ ትልቁ ደም ቅዳ ክፍት ሆኖ፥ ደምም ሳይፈስ፥ በሽተኛው ግን የማይነቃበት ጊዜ ነበር። ሥራው በዓይን ሲታይ ያማረ ነው፤ ሰውየው ግን ጠፍቷል። ታዲያ የገደለው ምንድር ነው?

ጭራ የሚያህሉት የደም ሥሮች

መልሱ በእብጠቱ ጀርባ ተደብቆ ተገኘ። ከባዚላር ጫፍና ከሁለቱ ቅርንጫፎቹ መነሻ፥ ውፍረታቸው ከፈረስ ጭራ ብዙ የማይበልጥ ቀጫጭን የደም ሥሮች ይነሡና ወደ ኋላ፥ ወደ አንጎል ግንድ አናትና ታላመስ ወደሚባለው ክፍል ይገባሉ። ሰው ነቅቶ እንዲኖር የሚያደርጉት ክፍሎች ስንቃቸውን የሚያገኙት ከእነዚህ ነው። አደባባዩ ለትልልቆቹ መንገዶች መዞሪያ አለው ብለናል፤ ለእነዚህ ግን መዞሪያ የላቸውም፤ አንዱ ሲዘጋ ከበስተጀርባው ያለው የአንጎል ክፍል ይሞታል። እብጠቱም ሲያድግ በላያቸው ላይ ይተኛል፤ አንዳንድ ጊዜም ከጀርባው ጋር ያጣብቃቸዋል። ሐኪሙ ከፊት ሆኖ መቆንጠጫውን ሲሰድ፥ የማያያቸውን እነዚህን ጭራዎች ከአንገቱ ጋር አብሮ ይቆነጥጣቸዋል።

ይህ ከታወቀ በኋላ የኦፕራሲዮኑ ዓላማ ራሱ ተለወጠ። ቀድሞ ጥያቄው «እብጠቱን እንዴት እንዝጋ?» የሚል ነበር። ከዚያ ወዲህ ግን «ከመዝጋታችን በፊት ከጀርባው ያሉት ቀጫጭኖቹ ሁሉ ታይተው፥ አንድ በአንድ ተላቀው፥ ከመቆንጠጫው ውጭ መሆናቸው ተረጋግጧል ወይ?» የሚል ሆነ። ዶክተር ድሬክ ከጎን መግባትን የወደዱት አንዱ ምክንያት ይህ ነው፤ ከጎን የቆመ ሐኪም የእብጠቱን ጀርባና ከዚያ የሚነሡትን ቀጫጭኖች ማየት ይችላልና። በ1960ዎቹ መጨረሻም ሥሩ ላይ ክብ ቀዳዳ ያለው መቆንጠጫ እንዲሠራ አደረጉ። ጥርሶቹ የእብጠቱን አንገት ሲይዙ፥ ሊጎዳ የማይገባው የደም ሥር ወይም ነርቭ በቀዳዳው ውስጥ በሰላም ያልፋል። ነገሩ ሲነገር ቀላል ይመስላል፤ ነገር ግን እስከዚያ ድረስ በብዙ ሐዘን የተገዛ ዕውቀት ነበር።

እብጠቱ እጅግ ትልቅ ሆኖ አንገቱ ሊቆነጠጥ የማይቻልበት ጊዜ ደግሞ ሌላ ዘዴ ተገኘ። ራሱን ባዚላርን ወይም ወደ እርሱ የሚገቡትን ደም ቅዳዎች በመዝጋት በእብጠቱ ውስጥ ያለው ደም እንዲረጋ ማድረግ ነው። ለዚህም ዶክተር ድሬክ በደም ቅዳው ዙሪያ ማነቂያ ክር አሳልፈው ጫፉን ወደ ውጭ ያወጡና፥ በሽተኛው ከማደንዘዣው ነቅቶ እየተናገረ ሳለ ቀስ ብለው ያጠብቁታል። ንግግሩ የተሳሰረ ወይም እጁ የዛለ እንደ ሆነ ክሩ ወዲያው ይላላል። ቀደም ሲል ልብ ይበልልን ያልነው የአደባባይ ነገር እዚህ ላይ ይመጣል። ከፊት ወደ ኋላ የሚያሻግሩት መገናኛዎች ሰፊ የሆኑለት ሰው ደሙ በዚያ ዞሮ ይደርስለታል፤ የእግር መንገድ ብቻ የሆኑበት ግን አይችለውም። በ1993 ዶክተር ድሬክና ባልደረቦቻቸው በዚህ ዓይነት ደም ቅዳቸው ሆን ተብሎ የተዘጋባቸውን የ201 በሽተኞች ውጤት አሳትመዋል።

ብርሃን፥ ማይክሮስኮፕና ብርድ

በዚህ መካከል ሌሎችም በየአገሩ መንገዱን ያቀኑ ነበር። በቱርክ አገር ተወልደው በስዊዘርላንድ በዙሪክ ከተማ የሠሩት ዶክተር ጋዚ ያሻርጊል ወደ አሜሪካ፥ ወደ ቨርሞንት ሄደው ከ1965 እስከ 1966 በማይክሮስኮፕ እያዩ ቀጫጭን የደም ሥሮችን መስፋት ተማሩ። ከ1967 ጀምሮም በዙሪክ ማይክሮስኮፑን ለአንጎል ኦፕራሲዮን ዋነኛ መሣሪያ አደረጉት። በጉድጓዱ ጥልቀት ብርሃን ገባ፤ ጭራ ያህል የነበረው ገመድ አክሎ ታየ። ዶክተር ያሻርጊል በዓይንና በጆሮ መካከል ባለው አጥንት በኩል፥ የአንጎልን ተፈጥሯዊ ስንጥቅ ተከትሎ የመግባትን ዘዴም አስፋፉ። በዚህ መንገድ ወደ ባዚላር ባላም መድረስ ተቻለ። እኒህ ሐኪም በ2025 በመቶ ዓመታቸው ዋዜማ ዐርፈዋል።

ሌላው ዘዴ ብርድ ነበር። አንጎል ሲበርድ የሚፈጀው ኦክሲጅን ስለሚቀንስ ያለ ደም ትንሽ ይታገሣል። በ1964 ዶክተር ድሬክና ባልደረቦቻቸው የበሽተኛውን ደም ከሰውነቱ ውጭ በመሣሪያ እያዘዋወሩ አካሉን እጅግ በማብረድ ስላደረጉት ኦፕራሲዮን ጽፈዋል። በ1980ዎቹ ደግሞ በአሜሪካ በፊኒክስ ከተማ ዶክተር ሮበርት ስፔትስለር ይህን ዘዴ ለታላላቆቹ እብጠቶች እንደ ገና አነሡት። ልብ ይቆማል፤ የደሙ መዘዋወር ይገታል፤ ውጥር የነበረው እብጠት ይሟሽሻል፤ ሐኪሙም በዚያች በተቆጠረች ጊዜ ውስጥ መቆንጠጫውን ያገባል። አካሉ ተመልሶ ሲሞቅ ልብ እንደ ገና ትመታለች። ነገሩ ከተአምር የሚቆጠር ቢመስልም ብዙ ጉዳት የነበረበት ስለ ሆነ፥ ሌላ ቀላል መንገድ ሲገኝ እየቀረ ሄዷል።

ራስ ቅል ሳይከፈት

ሌላው መንገድ የተገኘው ጣሊያናዊው ዶክተር ጊዶ ጉሊየልሚ በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ በሎስ አንጀለስ በሠሩት ሥራ ነው። ቀጭን ቱቦ ከጭን ደም ቅዳ ይገባና በራጅ እየታየ እስከ እብጠቱ ውስጥ ይደርሳል። በቱቦው ውስጥ ከክር የቀጠነ የፕላቲን ጥቅል ይላካል፤ ጥቅሉ በእብጠቱ ሆድ ውስጥ ተጠማዝዞ ይሞላዋል፤ ከዚያ በቀላል የኤሌክትሪክ ኃይል ከገፊው ሽቦ ይለቀቃል። ይህ ዘዴ በ1990 በሰው ላይ ተጀመረ፤ በ1991 በጽሑፍ ወጣ፤ በ1995 የአሜሪካ መንግሥት የመድኃኒት ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት ፈቀደው።

በ2002 በብዙ አገሮች ሆስፒታሎች በ2,143 በሽተኞች ላይ የተደረገ ታላቅ ጥናት ውጤት ታተመ። ከአንድ ዓመት በኋላ ሞተው ወይም የሰው እጅ ጠባቂ ሆነው የተገኙት፥ ራሳቸው ተከፍቶ ከተቆነጠጠላቸው ከመቶ 30.6፥ በጥቅል ከታከሙት ደግሞ ከመቶ 23.7 ነበሩ። በዚህ ጥናት ውስጥ የኋለኛው እብጠት ያለባቸው ሰዎች ከመቶ 3 እንኳ አልሞሉም። ምክንያቱም ሐኪሞቹ ገና ከመነሻው፥ ለኋለኛው ጥቅሉ እንደሚሻል ስላመኑ፥ በሽተኞቻቸውን ለዕጣ አሳልፈው መስጠት አልፈለጉም ነበር። በኋላ በዶክተር ስፔትስለር ሆስፒታል በፊኒክስ የተደረገው ጥናት፥ እምነታቸው ትክክል እንደ ነበረ ለኋለኞቹ እብጠቶች አሳይቷል። በቢላዋ ሥራ ዓለም ያወቀው ሆስፒታል ቢላዋውን የሚያስንቅ ውጤት በገዛ እጁ ማሳተሙን ልብ ይሏል።

ታዲያ የዶክተር ድሬክ ድካም ከንቱ ቀረ ማለት ነውን? አይደለም። በመጀመሪያ፥ ጥቅሉ ለሁሉ አይሆንም። በባዚላር ባላ ላይ ደሙ በቀጥታ ስለሚመታው ጥቅሉ እየተጨመቀ እብጠቱ ዳግመኛ ሊከፈት ይችላል፤ ስለዚህ በሽተኛው በየጊዜው እየተነሣ መታየት አለበት። አንገታቸው የሰፋ፥ እጅግ ያደጉ፥ ወይም ሌላ የደም ሥር ከሆዳቸው የሚወጣባቸው እብጠቶች ዛሬም አንዳንድ ጊዜ የኦፕራሲዮን ሐኪም እጅ ይፈልጋሉ። ሁለተኛው ምክንያት ከዚህ የበለጠ ነው። በ2011 በአሜሪካ የተፈቀደውና ደሙን ከእብጠቱ የሚያርቀው የተጠለፈ የሽቦ ቱቦ በባዚላር ውስጥ ሲዘረጋ፥ ሐኪሙን ዛሬም የሚያስፈራው እነዚያ ጭራ የሚያህሉ የደም ሥሮች በቱቦው መሸፈናቸው ነው። መሣሪያው ተለወጠ፤ ጥያቄው ግን ዶክተር ድሬክ የጠየቁት ያው ጥያቄ ነው።

የ1,767 ሰዎች መዝገብ

ዶክተር ድሬክ ከአራት በሽተኞች ተነሥተው የደረሱበት ቁጥር የሚያስደንቅ ነው። በ1996 ከባልደረባቸው ከዶክተር ሲድኒ ፒርለስና ከፊንላንዳዊው ዶክተር ዩሃ ኸርነስኒየሚ ጋር ባሳተሙት መጽሐፍ፥ በኋለኞቹ ደም ቅዳዎች እብጠት በትንሿ ለንደን የታከሙትን የ1,767 በሽተኞች ውጤት አቀረቡ። ከዓለም ዳርቻ ሁሉ ሌሎች ሐኪሞች «አይሆንም» ያሏቸው በሽተኞች ወደ እርሳቸው ይላኩ ነበር። የመጽሐፉ ታላቅነት ግን በቁጥሩ ብዛት ብቻ አይደለም። የሞቱትና የተጎዱት በዚያው መዝገብ ውስጥ ከዳኑት ጎን ተቀምጠዋል፤ ጉዳቱም ከምን እንደ መጣ ተነግሯል። ዶክተር ድሬክ መጽሐፉ ከወጣ ሁለት ዓመት በኋላ በ1998 ዐረፉ።

በየመሥሪያ ቤቱ የሥራ ሪፖርት ሲጻፍ የተሳካው በሰፊው ይዘረዘራል፤ ያልሆነው ግን በአንድ መስመር ይታለፋል፥ ወይም ጨርሶ ይዘለላል። ይህ ልማድ ለጊዜው ማንንም የሚጎዳ አይመስልም። ከዚህ ታሪክ እንደምናየው ግን ሁለተኛውን ሰው የሚያድነው መጀመሪያው ሰው የጠፋበት ምክንያት በትክክል የተጻፈበት ወረቀት ነው። ዶክተር ድሬክ «እብጠቱ በሚገባ ተቆንጥጧል» ብለው ብቻ ጽፈው ቢያልፉ ኖሮ ውሸት አይሆንባቸውም ነበር፤ ከእርሳቸው በኋላ የመጡት ግን እነዚያን ጭራዎች ሳያዩ ሌሎች ብዙ ሰዎችን ባጠፉ ነበር።

በመጨረሻም ለአንባቢዎቻችን አንድ ምክር እንተዋለን። ትምባሆ ማጨስና ያልታከመ የደም ግፊት እብጠቱ እንዲወጣም እንዲፈነዳም ከሚረዱት ምክንያቶች ዋነኞቹ ናቸው፤ ሁለቱም በሰው እጅ ያሉ ነገሮች ናቸው። ከወላጆቹ ወይም ከወንድምና ከእኅቶቹ መካከል ሁለት ሰዎች ይህ በሽታ የነበረባቸው ሰው ሐኪም ቢያማክር መልካም ነው። በድንገት እንደ መብረቅ የመታ፥ ከዚያ በፊት ታይቶ የማይታወቅ ራስ ምታት ያገኘው ሰው ደግሞ «ነገ ይሻለኛል» ብሎ ሊተኛ አይገባውም፤ በዚያው ሰዓት ወደ ሆስፒታል ይሂድ። ከላይ የተነገረው የሐኪሞቹ ድካም ሁሉ የሚጠቅመው በሽተኛው ሁለተኛው ፍንዳታ ሳይቀድመው የደረሰ እንደ ሆነ ነው።